ሁለት ዓመት ሳልከፍል ተጫወትኩ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ መናኸሪያው አካባቢ በነበረ አንድ ፕሌይስቴሽን ቤት ሕጉ አጭር ነበር፤ የተሸነፈ ይከፍላል፣ የተሸነፈ ይነሣል። አሸናፊው ጆይስቲኩን እንደያዘ ይቆያል፤ ተራ ጠባቂው ከአግዳሚው ተነሥቶ በተሸናፊው ቦታ ይተካል። አብዛኛው ሰው የሚመጣው ለእግር ኳሱ ስለነበር፣ ከአራቱ ቴሌቪዥኖች ሁለት ተዋጊዎች ለሚፋለሙበት ተከን ለተባለው ጨዋታ የተተወችው ጥግ ላይ ያለችው አንዷ ብቻ ነበረች። ከ2010 እስከ 2012 ዓ.ም. በዚያች ጥግ ስጫወት ከኪሴ ብር ያወጣሁባቸው ቀኖች ከጣቶቼ ቁጥር አይበልጡም። አንድ ጨዋታ 5 ብር ነበር። የቤቱ ባለቤት «አንተ አክሳሪም አትራፊም ነህ» ይሉኝ ነበር፤ እኔ አልከፍልም፣ እኔን ለመጣል የሚሰለፈው ሁሉ ግን ይከፍላል።

ይህንን የምጽፈው እንደዚያን ጊዜው እኔ በየከተማው ጥግ ተቀምጦ «ጎበዝ ነኝ» ለሚል ወንድሜ ነው። ጎበዝ ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። ችግሩ ከተቀመጠበት ቦታ ሆኖ ሊያውቀው አለመቻሉ ነው። እኔ ለማወቅ ወደ 265 ኪሎ ሜትር መጓዝ አስፈልጎኛል።

የምጫወተው ኤዲ ጎርዶ በተባለው የጨዋታው ተዋጊ ነበር፤ ካፖዬራ የሚባለውን የብራዚል ፍልሚያ በሚያውቀው ብራዚላዊ። ኤዲን ከተከን 3 ዘመን ጀምሮ የነካ ሰው ጠባዩን ያውቀዋል፤ ቁልፎቹን ዝም ብለው ቢደበድቡም አንድ የሚያምር ነገር ይወጣል። እጁን መሬት ላይ ይተክልና እግሮቹን ያሽከረክራቸዋል፣ ባላጋራው ከየት እንደተመታ ሳያውቅ ይወድቃል። እኔ ዝም ብዬ አልደበድብም ነበር፤ ሦስት ወይም አራት ተከታታይ ምት በቃሌ ይዣለሁ። በተከን ምት ሦስት ከፍታ አለው፦ ላይ፣ መካከልና ታች። ቆሞ የሚከላከል ሰው ላዩንና መካከሉን ይመክታል፣ ታቹ ያገኘዋል። ጎንበስ ብሎ የሚከላከል ታቹን ይመክታል፣ ላዩም በአናቱ ያልፋል፣ መካከሉ ግን ይመታዋል። ጨዋታው ሙሉ በሙሉ ማለት ይቻላል በዚህ ጥያቄ ላይ የቆመ ነው፤ አሁን የሚመጣው ታች ነው ወይስ መካከል? ማርቆስ ከእኔ ጋር ከሚጫወቱት መካከል ጎንበስ የሚል አንድም ሰው አልነበረም። ስለዚህ ጥያቄውን መጠየቅ አላስፈለገኝም። ታች እመታለሁ፣ ይወድቃሉ፤ ሲነሡ ደግሜ ታች እመታለሁ። ሙያ ያልኩት ይህንን ነበር።

በዚያው ሰሞን አንድ ወሬ መጣና አሰከረን። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2019 ጃፓን ፉኩኦካ በተደረገው ኢቮ ጃፓን በተባለው የፍልሚያ ጨዋታዎች ውድድር፣ ከሀገሩ ውጭ እምብዛም የማይታወቅ አርስላን አሽ የተባለ የላሆር ልጅ በተከን 7 የዓለምን ስመ ጥር ተጫዋቾች አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። በነሐሴ ደግሞ ላስ ቬጋስ ላይ ዋናውን ኢቮ ደገመው። ኮሪያዊም ጃፓናዊም አልነበረም፤ ፓኪስታናዊ ነው፤ ቪዛ እንኳ በስንት ጣር የሚያገኝ ሰው። እኛ አግዳሚው ላይ ያለነው ሁሉ የራሳችንን ፊት በእሱ ላይ አየን። «ማን ያውቃል፣ ማርቆስም የተደበቀ አለ» ተባለ፤ ሲባልም ዓይኖች ወደ እኔ ዞሩ። እኔም አላስተባበልኩም።

አርስላን ያንኑ ሰሞን የተናገረውን ግን ማናችንም ልብ አላልነውም። ሀገሬ ውስጥ እኔን የሚስተካከሉ ሌሎችም አሉ ነበር ያለው። ይህ ለይሉኝታ የተነገረ መስሎን ነበር፤ እሱ ግን የተናገረው ስለ አግዳሚው ነው። ላሆር ላይ ከእሱ ጎን ተራ የሚጠብቁት በየቀኑ ሊያሸንፉት የሚችሉ ሰዎች ነበሩ። የእኔ ተራ ጠባቂዎች ጎንበስ ማለት የማያውቁ የሰፈር ልጆች ናቸው። ሁለታችንም ከመንደር ወጣን ማለት አንድ ዓይነት መንደር ነበረን ማለት አይደለም። አባይ ዙሪያውን ከቦት በሚሄድ አገር ስለተወለድኩ፣ «አባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» የሚለው ተረት እኔን የሚመለከት አይመስለኝም ነበር።

በ2013 ዓ.ም. ለሥራ ባሕር ዳር ገባሁ። አውቶቡሱ በቡሬና በእንጅባራ አድርጎ ሲጓዝ፣ በዚያ ትልቅ ከተማ እንዴት ስሜን እንደማስጠራ ሳስብ ነበር የመጣሁት። ሥራዬን አልነበረም የማስበው። ዕቃዬን ባወረድኩ በሦስተኛው ቀን ፕሌይስቴሽን ቤት አገኘሁ፤ እዚያም ጥግ ላይ አንዲት የተከን ቴሌቪዥን፣ ፊቷ አንድ ልጅ። የስልክ ጥገና ሠራተኛ ነው፤ ከሥራ በቀጥታ ስለመጣ የአውራ ጣቱ ጥፍር ሥር የሚበየድበት ነገር ጥቁረት ቀርቶበታል። ሰላም ካልኩት በኋላ «እስከ አሥር እንጫወት?» አለኝ። አሥር ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ ያሸንፋል ማለቱ ነው። እኔ እስከዚያ ቀን ከአንድ ሰው ጋር አሥር ጨዋታ በተከታታይ ተጫውቼ አላውቅም፤ የተሸነፈ ይነሣ ነበርና።

ፖል የተባለውን ተዋጊ መረጠ። የመጀመሪያውን ጨዋታ ለጥቂት ተሸነፍኩ፤ ሁለተኛውንም እንደዚያው። ከሦስተኛው በኋላ አንድ ነገር ተለወጠ። ኤዲ ወርዶ እግሩን መሬት ለመሬት ሲልክ ፖል ቀድሞ ጎንበስ ብሎ ይጠብቀዋል፤ ምቱ ይመከታል፣ እኔ ለአንድ አፍታ ደንዝዤ እቆማለሁ፣ ፖል ተነሥቶ ይመታኛል። እንደገና። እንደገና። በጣም ፈጣን ዓይን ያለው ሰው መሰለኝ። በኋላ እንደተረዳሁት ነገሩ የዓይን አይደለም። ተከን በሰከንድ 60 ምስል ያሳያል፣ ፈጣኑ ቡጢ በ10ኛው ምስል ላይ ይደርሳል፤ ያንን አይቶ እጁን የሚያዝ ሰው አልተፈጠረም። ልጁ እያየ አልነበረም የሚመክተው። በሦስት ጨዋታ ውስጥ አጥንቶኝ ነበር። ሁለት ዓመት የሠራሁት ነገር ሩብ ሰዓት እንኳ አልቆየም።

ስድስት ለዜሮ ላይ «ይህ ጆይስቲክ አልታዘዝ አለኝ» አልኩ። ምንም ሳይናገር የራሱን ሰጠኝና የእኔን ተቀበለ። ሰባት ለዜሮ። «ቴሌቪዥኑ ይዘገያል» አልኩ። ይህ እንኳ እውነት ነበር፤ አንዳንድ ቴሌቪዥን ምስሉን ስለሚያዘገየው ጌም ሞድ የሚባለውን ማብራት ያስፈልጋል። ግን ለእሱም የሚዘገየው ያው ቴሌቪዥን ነው። ስምንተኛው ላይ መብራት ጠፋ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ ዛሬም አስታውሰዋለሁ፤ ያፈርኩበትም ከሽንፈቱ ይልቅ በእሱ ነው። ልብሴን አራግፌ ልነሣ ስል ባለቤቱ ጄኔሬተሩን አስነሡት። አሥር ለዜሮ አለቀ፤ አንዱ ጨዋታ 10 ብር ነበርና 100 ብር ከፈልኩ።

ስወጣ ልጁ «ማርቆስ እያለህ በሳምንት ስንት ትከፍል ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። መኩራራቴ ገና አልበረደም፤ «እኔ አልከፍልም ነበር» አልኩት። «ታዲያ ማን አስተማረህ?» አለኝ። ሊያላግጥብኝ ብሎ አልነበረም፤ ከልቡ ነበር የጠየቀኝ።

ከዚያ በኋላ ብልህ ሆንኩ ብል ውሸት ነው። መጀመሪያ ያደረግሁት ወደ ሌላኛው ጥግ መዝለል ነበር። ማንም ሰው «ትጫወታለህ?» ሲለኝ «ኧረ እኔ ምንም አልችልም» ማለት ጀመርኩ። በእኛ አገር ደግሞ ይህ ያስመሰግናል፤ «ሙያ በልብ ነው» ይሉልሃል። አንድ ቅዳሜ ከመሰናዶ ትምህርት ቤት የመጡ ልጆች ነበሩ። ለአንዱ እንደ ልማዴ ምንም አልችልም ብዬው ዘጠኝ ጊዜ በተከታታይ አሸነፍኩት። ጆይስቲኩን አስቀምጦ «ጋሼ፣ አንተ ምንም ካልቻልክ እኛ ምን ልንባል ነው?» አለኝ። ጋሼ ተብዬ ስጠራ የመጀመሪያዬ ስለነበር ያም ሳይከፋኝ አልቀረም። ዋናው ጥያቄው ግን ለሳምንት አልለቀቀኝም። ልጁ እውነቱን ነው። እኔ ዝቅ ያልኩ መስሎኝ እሱን ከመሬት በታች ቀበርኩት። ጎጃሜ ነኝና በሰምና ወርቅ ልናገረው፦ ሰሙ ትሕትና ነበር፣ ወርቁ «ሳልሞክር እንኳ አሸንፍሃለሁ» የሚል ትዕቢት። ሌላም ጥቅም ነበረው፤ ምንም አልችልም ያለ ሰው ሲሸነፍ አያፍርም። ለራሴ መደበቂያ ጉድጓድ ቆፍሬ ትሕትና ብዬ ሰየምኩት።

መውጫውን ያገኘሁት ከጨዋታው ዓለም አልነበረም። አጎቴ በወጣትነቱ ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ቤት ገብቶ ነበር። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ቁራሽ እየለመነ የተማረ ሰው ነው። ለበዓል ቤት ስገባ ታሪኩን ነገርኩት፤ ስለ ጨዋታው ብዙም አልገባውም፣ ስለ እኔ ግን ገባው። «ቅኔ ቤት፣ ተማሪ የት ደረስክ ሲባል ጎበዝ ነኝ ወይም ሰነፍ ነኝ አይልም» አለኝ። «ጉባኤ ቃና ላይ ነኝ ይላል። ወይም ሥላሴ ላይ፣ ወይም መወድስ ላይ። የቤቱን ስም ይጠራል። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፣ መወድስ ስምንት ቤት ነው፤ ጉባኤ ቃና ላይ ነኝ ማለት ሁለት ቤት እቆጥራለሁ፣ ስምንት ገና ነኝ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ምን መኩራት፣ ምን ማፈር አለው?» ከዚያም የኔታ ፊት የቆጠረውን ቅኔ ሲያቀርብ እንዴት ቃል በቃል ሲታረም እንደነበር ሊያጫውተኝ ጀመረና ነገሩ ወደ ሌላ ሄደ። ስለ አንድ ውሻ ነበር፤ እዚህ አያስፈልግም።

ባሕር ዳር ስመለስ ደብተር ገዛሁ። «ጎበዝ» እና «ሰነፍ» የሚሉትን ቃላት ላልጽፍባት ወሰንኩና የምችለውን ብቻ መጻፍ ጀመርኩ። ችግሩ የምችለውንም አለማወቄ ነበር። ለምሳሌ ከአያያዝ ማምለጥ። የጃጓር ጭንብል ያደረገው ታጋይ ኪንግ ሲይዝህ፣ አንዳንዱ አያያዝ በግራ ቡጢ ቁልፍ ይፈታል፣ አንዳንዱ በቀኝ፣ አንዳንዱ ሁለቱንም በአንድነት በመጫን። እኔ አብዛኛውን እንደማመልጥ እርግጠኛ ነበርኩ። በልምምዱ ክፍል የተለያዩትን አያያዞች ቀድቼ ማሽኑ እያቀላቀለ እንዲይዘኝ አደረግሁና 20 ጊዜ ቆጠርኩ። ከመጀመሬ በፊት ግምቴን ጽፌ ነበር፦ 15። ያመለጥኩት 6 ነው። እነዚያ ስድስቱም ሁልጊዜ ግራውን ብቻ ስለምጫን በአጋጣሚ የተገኙ ነበሩ። ማንኛውም ሰው ይህንን በአሥር ደቂቃ ሊያደርገው ይችላል። ግምቱን አስቀድሞ መጻፉን ግን እንዳይዘለው፤ ካልጻፈው በኋላ «እኔም እንደዚሁ ነበር የገመትኩት» ይላል። እኔ ራሴ እል ነበር።

ሁለተኛው ነገር ትዝታን አለማመን ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ኢቮ ላይ፣ ስትሪት ፋይተር 3 በተባለ ሌላ የፍልሚያ ጨዋታ፣ ጃፓናዊው ዳይጎ ኡሜሃራ በመጨረሻዋ የሕይወት ጭረት ላይ ሆኖ ጀስቲን ዎንግ የሚጫወትባትን የቹን ሊን 15 ተከታታይ ምት አንድ በአንድ መክቶ ያሸነፈበትን ቪዲዮ ያላየ የፍልሚያ ጨዋታ ወዳጅ ጥቂት ነው። ያዩት ብዙዎች ዳይጎ ያንን ውድድር ያሸነፈ ይመስላቸዋል። አላሸነፈም፤ ቀጥሎ በፍጻሜው በሌላ ጃፓናዊ ተሸንፎ ሁለተኛ ወጣ። የእኔም ጭንቅላት እንደዚያ ቪዲዮ ነው የሚሠራው። ከስልክ ጠጋኙ ጋር በተጫወትኩባቸው ወራት አንድ ቀን ከሞት ተነሥቼ ያሸነፍኩትን ዙር ለስንት ሰው አውርቻለሁ! ደብተሬን ስገልጥ የዚያን ቀን ውጤት አሥር ለሦስት ተሸንፌ ነው የሚለው።

ሦስተኛውን ያስተማረኝ ግን ሁኔታ ነው። ተከን 8 እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ወጣ። የቤቱ ባለቤት ፕሌይስቴሽን 5 እና ሲዲውን ከአዲስ አበባ አስመጡ። ኤዲ ግን በውስጡ የለም። እሱ የመጣው በሚያዝያ ነው፣ ያውም ለብቻው በኢንተርኔት ተገዝቶ የሚወርድ ሆኖ። በክልሉ ሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ በነበረበት በዚያ 2016 ዓ.ም. ማን ገዝቶ ማን ያወርዳል? ስለዚህ ወራት ሙሉ ያለ ኤዲ ቀረሁ። ጂን የተባለውን ሌላ ተዋጊ መረጥኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጎንበስ ማለት በማያውቁ ልጆች ሳይቀር ተሸነፍኩ። እጄ ላይ የቀረውን ስመለከት መልካም ነገርም አልጠፋም፦ ርቀት መለካት እችላለሁ፣ ባላጋራዬ የሳተውን ምት መቅጣት ጀምሬያለሁ፣ ታች መመከትም ከጠጋኙ ተምሬያለሁ። የቀረው ሁሉ የኤዲ እንጂ የእኔ አልነበረም። ችሎታውን መመዘን የሚፈልግ ሰው የለመደውን ተጫዋች ለአንድ ሳምንት ትቶ በሌላ ቢጫወት፣ የራሱን ከተውሶው ለይቶ ያያል። ያማል፤ ብርም ያስወጣል።

ኢንተርኔቱ ከተመለሰ በኋላ ደግሞ ጥላዬን ገጠምኩት። ተከን 8 አጨዋወትህን እየተመለከተ አንተን የሚመስል ተጫዋች ይሠራል፤ ከፈለግህ ከራስህ ጋር ትጋጠማለህ። ቤቱ ባዶ የነበረበትን የማክሰኞ ጠዋት መርጬ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያውን ዙር የተጫወትኩት እየሳቅሁ ነው። ጥላዬ በተመከተ ቁጥር አንድ ትንፋሽ እንኳ ሳይጠብቅ ዘሎ ይረግጣል። መከትኩት። እንደዚያ ዓይነት የዝላይ እርግጫ ሲመከት ለቅጣት ይጋለጣል፤ በፈጣኑ ቡጢ ቀጣሁት። ተነሣ፣ ቀረበ፣ ተመከተ፣ ዘሎ ረገጠ። ቀጣሁት። ሦስተኛውም ያው። አራተኛው ላይ ሳቄ ቆመ። ይህ ልጅ ተጨንቋል እኮ፣ አልኩ። የሚረግጠው አጥቂ ስለሆነ አይደለም፤ ተራው የሌላው ሰው መሆኑን መቀበል ስላቃተው ነው። ማርቆስ ላይ «ደፋር ነው» ይሉኝ የነበረው በዚህ ነው። ጠጋኙ የዚያን ቀን በሦስት ጨዋታ ያነበበኝም በዚሁ መሆን አለበት። ለጠጋኙ ስነግረው «እና አሁን ነው ያየኸው?» አለኝ፤ ቀና ብሎም አላየኝም፣ አንድ ስክሪን እያጣበቀ ነበር።

የራሱን ጨዋታ በድጋሚ ማየትም ለሚችል ሰው ጥሩ ነው። ተከን 8 ያለፈውን ጨዋታ መሐል ላይ አቁመህ ጆይስቲኩን ተረክበህ እንድትሞክረው ይፈቅዳል። እኔ የማየው የተሸነፍኩትን ብቻ ነው፤ እያንዳንዱን ሽንፈት በአንድ ዓረፍተ ነገር እጽፈዋለሁ። «ኔትወርክ ነው» ብዬ የጻፍኩባቸው ገጾችም አሉ። ከባሕር ዳር ከውጭ ሰው ጋር ሲጫወቱ መዘግየቱ ቀልድ አይደለም። ነገር ግን አንድ ገጽ ላይ አምስት ጊዜ «ኔትወርክ» ተብሎ ሳየው አምስቱንም ሰርዤ እንደገና አየኋቸው። ሁለቱ የእውነት ኔትወርክ ነበሩ።

ባለፈው ወር ከፍኖተ ሰላም የመጣ ልጅ ጥጓ ላይ አገኘሁ። ሃያ ዓመት አይሞላውም፤ አብረውት የመጡት ሁለት ጓደኞቹ ከኋላው ቆመው እንደ ቀዳሽ አጃቢ ይጠብቁታል። «እዚህ ማን ነው የሚችለው?» ብሎ ጠየቀ። ባለቤቱ ወደ እኔ ጠቆሙ። ልጁ «ምን ያህል ትችላለህ?» አለኝ። «በጂን ነው የምጫወት» አልኩት። «ታች እመክታለሁ። የሳትከውን እቀጣለሁ። የኪንግን አያያዝ ከ20 ጊዜ 11 ያህሉን አመልጣለሁ፤ ግድግዳ ሥር ከገባሁ ግን እጨነቃለሁ፣ ስጨነቅ ዘልዬ እረግጣለሁ።» ጓደኞቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም። ትንሽ አሰበና ኪንግን መረጠ።

እስከ አሥር ተጫወትን። ከጨዋታው ግማሽ ያህሉን ግድግዳ ሥር ነው ያሳለፍኩት። አሥር ለሰባት አሸነፈኝ። በዚህ ቤት የተሸነፈባቸውን ሁሉ ይከፍላልና፣ በ20 ብር ሂሳብ እሱ የሰባቱን 140፣ እኔ የአሥሩን 200 ብር ለባለቤቱ ሰጠን። ልጁ ብሩን ሲቆጥር አየሁት፤ እጁ እንዳልለመደ ያስታውቃል። «ፍኖተ ሰላም ስትጫወት ብዙ ትከፍላለህ?» አልኩት።

«እኔ?» አለ፤ ወደ ጓደኞቹ ዞር አለ። «አልከፍልም።»

ነገ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ ጠየቅሁት። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አለኝ። ስልክ ጠጋኙ ጋ ደወልኩና በአሥራ አንድ ሰዓት ሱቁን ዘግቶ እንዲመጣ ነገርኩት።